«ሸሮቾ»፦ የከፋ ነገሥታት ሁለተኛ ስም እና ለጎንጋ ሕዝቦች የስም ጥናት ያለው ትምህርት

መግቢያ

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1897 በራስ ወልደ ጊዮርጊስ አቦዬ የተመራው የዐፄ ምኒልክ ጦር የከፋውን ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾን ማረከ። እ.ኤ.አ. ከ1890 ጀምሮ «ታቶ» በሚለው የንግሥና ማዕረግ ሲገዙ የነበሩት እኒህ የመጨረሻው የከፋ ንጉሥ በእስር ወደ መሐል አገር ተወስደው እ.ኤ.አ. በ1919 ዐረፉ። የድል አድራጊውና የተማራኪው ስም በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ጎን ለጎን ተጽፎ ይገኛል። ሁለቱ ስሞች ግን የተዋቀሩበት ሥርዓት አንድ አይደለም። «ወልደ ጊዮርጊስ» በሁለት ቃል ይጻፍ እንጂ አንድ የግል ስም ነው፤ «አቦዬ» ደግሞ የአባት ስም ነው። «ጋኪ» የግል ስም መሆኑን አንባቢ ያለ ጥርጥር ይቀበላል። «ሸሮቾ» ምን እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ይታለፋል።

አማርኛ አንባቢ ከልማዱ ተነሥቶ «የሸሮቾ ልጅ ጋኪ» ብሎ ያነባል። አውሮፓዊ አንባቢም በበኩሉ ከልማዱ ተነሥቶ «ጋኪ ከሸሮቾ ቤተሰብ» ብሎ ያነባል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱም ንባቦች ከነገሥታቱ ዝርዝር ጋር እንደማይስማሙ ማሳየት ነው። ከዚያም በመነሣት በከፋና በሸካ ምድር፣ በተለይም በጌጫና በአካባቢዋ፣ የዘር ሐረግን፣ የመሬት ይዞታንና የቃል ታሪክን የሚያጠና ተመራማሪ የሰዎችን ስም እንዴት መመዝገብ እንደሚገባው ይመረምራል።

የነገሥታቱ ዝርዝር

የከፋ ነገሥታት ዝርዝር በጽሑፍ የታወቀው መንግሥቱ ከወደቀ በኋላ ከሽማግሌዎች ቃል በተሰበሰበ መረጃ ነው። ከቀደምት ሰብሳቢዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1905 ከፋን የጎበኘው ኦስትሪያዊው ፍሪድሪኽ ዩሊየስ ቢበር ሲሆን፣ ስለ ከፋ የጻፈው ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1920 እና በ1923 ታትሟል። በኋላም ቨርነር ላንገ ስለ ደቡብ ጎንጋ ሕዝቦች ታሪክ፣ በቀለ ወልደማርያምም ስለ ከፋ መንግሥት ታሪክ በጻፏቸው መጻሕፍት ጉዳዩን በየፊናቸው አጥንተውታል። በየዝርዝሩ የስሞቹ አጻጻፍና የአንዳንዱ ንጉሥ ዘመን ይለያያል። በዝርዝሮቹ ውስጥ የሚታየው የስም አወቃቀር ግን ለዚህ ጽሑፍ ጥያቄ በቂ ማስረጃ ይሰጣል።

በሁለት ቃል ከተመዘገቡት ነገሥታት መካከል የሚከተሉት 12 ስሞች ይገኛሉ፦ ጋሊ ጋፎቾ፣ ጋሊ ጊኖቾ፣ ታኪ ጋዎቾ፣ ጋሊ ጋዎቾ፣ ሻጊ ሸሮቾ፣ በሺ ጊኖቾ፣ ሆቲ ጋዎቾ፣ ጋሃ ነጮቾ፣ ጋዊ ነጮቾ፣ ካዬ ሸሮቾ፣ ጋሊ ሸሮቾ እና ጋኪ ሸሮቾ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የነገሡባቸው ዓመታት በአብዛኛው እ.ኤ.አ. ከ1870 እስከ 1890 እና ከ1890 እስከ 1897 ተብለው ይመዘገባሉ።

እነዚህን ስሞች በሁለት ዓምድ ለይቶ የሚጽፍ ሰው አራት ነገሮችን ያስተውላል። አንደኛ፣ በመጀመሪያው ዓምድ 9 የተለያዩ ስሞች ሲኖሩ በሁለተኛው 5 ብቻ አሉ፤ እነርሱም ጋፎቾ፣ ጊኖቾ፣ ጋዎቾ፣ ነጮቾ እና ሸሮቾ ናቸው። ሁለተኛ፣ በአንደኛው ዓምድ ያለ ስም በሌላው ዓምድ ፈጽሞ አይገኝም። ሦስተኛ፣ በሁለተኛው ዓምድ ያሉት ሁሉ «-ቾ» በሚል መድረሻ ያበቃሉ። አራተኛ፣ እያንዳንዱ ስም ለብቻው ሊደገም ቢችልም አንድ ጥምረት ግን ሁለት ጊዜ አልተደገመም። «ጋሊ» አራት ጊዜ፣ «ሸሮቾ»ም አራት ጊዜ ሲገኙ «ጋሊ ሸሮቾ» የተባለው ንጉሥ አንድ ብቻ ነው።

ሦስት ንባቦች ሲፈተኑ

የመጀመሪያው ንባብ «ሸሮቾ» የአባት ስም ነው የሚለው ነው። ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ የአባትየው ስም በአንድ ትውልድ በሁለተኛው ዓምድ ከመታየቱ በፊት በቀደመው ትውልድ በመጀመሪያው ዓምድ ሊገኝ በተገባ ነበር። ንግሥናው በአንድ ቤት ውስጥ ሲተላለፍ የኖረ ስለሆነ ከነገሡት አባቶች ቢያንስ አንዱ «ሸሮቾ እገሌ» ተብሎ መመዝገብ ነበረበት። እንዲህ ያለ ንጉሥ በዝርዝሩ የለም። ከሻጊ ሸሮቾ እስከ ጋኪ ሸሮቾ ያለው ጊዜም ወደ አንድ መቶ ዓመት ስለሚጠጋ አራቱ የአንድ አባት ልጆች ሊሆኑ አይችሉም። አባቶቹ ያልነገሡ የተለያዩ ሰዎች ነበሩ ቢባል እንኳ፣ የ12 ነገሥታት አባቶች ሁሉ በአምስት ስሞች ብቻ መጠራታቸውና ስሞቹ በአንድ መድረሻ ማብቃታቸው ሊታመን የሚችል አጋጣሚ አይደለም።

ሁለተኛው ንባብ «ሸሮቾ» የጎሳ ስም ነው የሚለው ነው። የከፋ ነገሥታት የሚንጆ ጎሳ ተወላጆች እንደነበሩ የታወቀ ነው። የአንድ ጎሳ ልጆች የጎሳቸውን ስም ከግል ስማቸው ቀጥለው ቢጠሩ ኖሮ ሁሉም በአንድ ሁለተኛ ስም ይጠሩ ነበር እንጂ በአምስት አይከፋፈሉም ነበር።

ሦስተኛው ንባብ «ሸሮቾ» በሚንጆ ውስጥ የአንድ ቅርንጫፍ ወይም የአንድ ሥርወ መንግሥት መጠሪያ ነው የሚለው ሲሆን፣ «የሸሮቾ ቤተሰብ» የሚለው አውሮፓዊ ንባብ ከዚህ ይመደባል። ይህን ንባብ የሚያዳክመው የስሞቹ ቅደም ተከተል ነው። በሻጊ ሸሮቾና በካዬ ሸሮቾ መካከል የጊኖቾ፣ የጋዎቾና የነጮቾ ባለ ስሞች ነግሠዋል። ስሞቹ እየተፈራረቁ ይመጣሉ፤ ከቆይታም በኋላ ይመለሳሉ። አንድ ቅርንጫፍ ሌላውን ድል ነሥቶ የተተካበትን የታሪክ መስመር ለማግኘት ሲባል እያንዳንዱን ሁለተኛ ስም እንደ ቤተሰብ መቁጠር ዝርዝሩ ያልያዘውን የሥልጣን ሽኩቻ መፍጠር ይሆናል።

እነዚህ ሦስት ንባቦች ሲወድቁ ከማስረጃው ጋር የሚስማማው መደምደሚያ ሁለቱ ቃላት በአንድነት የንጉሡ መጠሪያ መሆናቸው ነው። ሁለተኛው ቃል አራቱን «ጋሊዎች» እርስ በርስ ይለያል። ሥራው «ቀዳማዊ» እና «ዳግማዊ» ከሚሉት ቃላት ሥራ ጋር ይቀራረባል፤ ልዩነቱ ተራ ቁጥርን አለማመልከቱ ነው። ስለዚህ «ሸሮቾ» ብቻውን አንድን ንጉሥ አይለይም። «ሸሮቾ በ1897 ተማረኩ» ብሎ መጻፍ «ዳግማዊ በዓድዋ ድል አደረጉ» ብሎ እንደ መጻፍ ያለ ጉድለት ነው።

መድረሻው ራሱም ጥንቃቄን ይጠይቃል። ካፊኖኖና ሸኪኖኖ ከሺናሻና ከአንፊሎ ጋር የጎንጋ ቋንቋዎች ናቸው። በእነዚህ ቋንቋዎች «ኖኖ» ማለት «አፍ» ማለት ሲሆን፣ በሁለቱ የቋንቋ ስሞች ውስጥ እንደሚታየው «ልሳን» የሚለውን ትርጉምም ይይዛል። «-ቾ» የሚለው መድረሻ ደግሞ «ካፊቾ» እና «ሸካቾ» በሚሉት የሕዝብ መጠሪያዎች ሰውን ከወገኑ ጋር ሲያገናኝ ይታያል። የመልክ መመሳሰል የትርጉም ማረጋገጫ አይሆንም። ሆኖም ሁለተኛው ዓምድ ከመጀመሪያው የተለየ የቃል ክፍል መሆኑን የሚደግፍ ተጨማሪ ምልክት ነው።

ከሌላ የስም ሥርዓት ጋር ማነጻጸር

ሁለተኛው ቃል በልማድ መነበቡ የሚያስከትለው ስሕተት በጎንጋ ስሞች ብቻ የተወሰነ አይደለም። የከፋን ምድር የሚያዋስነው የጎጀብ ወንዝ ወደ ኦሞ ይገባል፤ ኦሞም የቱርካና ሐይቅን ይመግባል። እ.ኤ.አ. በ1888 ከባልደረባው ሉድቪግ ፎን ሄነል ጋር እዚህ ሐይቅ ዘንድ ደርሶ በኦስትሪያው አልጋ ወራሽ ስም «ሩዶልፍ» ብሎ የሰየመው ሀንጋሪያዊ መኰንን በአገሩ ልማድ «ቴለኪ ሻሙኤል» ተብሎ ይጻፋል። አማርኛ አንባቢ ይህን «የሻሙኤል ልጅ ቴለኪ» ብሎ ሊረዳው ይችላል። በሀንጋሪ ግን የቤተሰብ ስም የሚቀድም ሲሆን የግል ስም ይከተላል፤ የሰውየው የግል ስም ሻሙኤል ነው።

«ቴለኪ» የሚለው ስም «ቴለክ» ከሚባል የቦታ ስም የመጣ ነው። በሀንጋሪኛ በቦታ ስም ላይ የሚጨመረው «-ኢ» «የዚያ አገር ሰው» የሚል ትርጉም ይሰጣል። ይህ አንድ ቃል ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ ተላልፏል። በማሮሽቫሻርሄይ እ.ኤ.አ. በ1802 ለሕዝብ የተከፈተውን ቤተ መጻሕፍት ያቋቋመው የትራንሲልቫኒያ ቻንስለር፣ እ.ኤ.አ. በ1846 በፔስት የሴት ልጆች ትምህርት ቤት የከፈተችው ብላንካ፣ የሐይቁ ተጓዥ፣ እንዲሁም የመልክዐ ምድር ሊቅ የነበረውና እ.ኤ.አ. በ1941 በጠቅላይ ሚኒስትርነት ሥልጣን ላይ ሳለ የሞተው ፓል ሁሉም «ቴለኪ» ናቸው። ሁለት ሰዎች «ቴለኪ» መባላቸው ዝምድናን ለመመርመር ተገቢ መነሻ ይሆናል። ሁለት የከፋ ነገሥታት «ሸሮቾ» መባላቸው ግን ከሌሎቹ የሚንጆ ነገሥታት ይልቅ ይበልጥ መዛመዳቸውን አያመለክትም። ሁለት ኢትዮጵያውያን በአባት ስም «ከበደ» መባላቸውም እንዲሁ ዝምድናን አያስረዳም። ሦስቱ ሥርዓቶች በወረቀት ላይ አንድ መልክ አላቸው፤ የሚሰጡት መረጃ ግን ለየብቻ ነው።

በኢትዮጵያ ውስጥም የስም ሥርዓቱ አንድ ወጥ አይደለም። የንግሥና ስም፣ የክርስትና ስም፣ የፈረስ ስምና የአባት ስም በአንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። ልጅ ተፈሪ መኮንን የተባሉት መስፍን ሲነግሡ «ኃይለ ሥላሴ» የተባሉት በክርስትና ስማቸው ነው። በውጭ አገር ጽሑፎች አንዳንድ ጊዜ «ሥላሴ» እንደ ቤተሰብ ስም ተቆርጦ መታየቱ የዚያው ዓይነት ስሕተት ውጤት ነው። ከከፋ ጋር በምትጎራበተው ጅማ ደግሞ ንጉሡ በታሪክ የሚታወቁት «አባ ጅፋር» በሚለው የፈረስ ስማቸው ነው።

ከነገሥታት ወደ ጎሳ፦ ጌጫና ሸካ

ጌጫ በሸካ ዞን በአንድራቻ ወረዳ የምትገኝ ከተማ ናት። ሸካ ከፋ በወደቀበት የዘመቻ ዘመን ነጻነቱን እስኪያጣ ድረስ የራሱ ታቶ የነበረው የጎንጋ መንግሥት ነበር። በዚህ አካባቢ ዛሬም አንድን ሰው ለማወቅ ከሚጠየቁት ዋና ዋና ጥያቄዎች አንዱ የጎሳው ነው። ጋብቻ ከጎሳ ውጭ ስለሚፈጸም የጎሳ ማንነት ማን ከማን ጋር ሊጋባ እንደሚችል ይወስናል። «ጌፒታቶ» የሚባሉት የጎሳ መሪዎች በሥርዓተ እምነትና በደን ጥበቃ ጉዳዮች ሚና አላቸው። በማዕረጉ ውስጥ የሚሰማው «ታቶ» ንጉሥ ከተሻረ በኋላም ቃሉ በማኅበረሰቡ ውስጥ እንደ ቀጠለ ያስረዳል። ቀፎ የሚሰቀልበትን ደን በይዞታ የሚደለድለው የ«ኮቦ» ሥርዓትም ከአባት ወደ ልጅ በሚተላለፍ መብት ላይ የቆመ ነው።

እንግዲህ በሸካ የሀንጋሪው ቤተሰብ ስም የሚሠራውን ሥራ፣ ማለትም ብዙ ትውልድን በአንድ መጠሪያ ማያያዝን፣ የሚሠራው ጎሳ ነው። ይሁንና የጎሳው ስም ሰውየው በጽሑፍ በሚጠራበት ስም ውስጥ አይገባም። በመታወቂያ፣ በትምህርት ቤት መዝገብና በፍርድ ቤት ፋይል የሚጻፈው የግል፣ የአባትና የአያት ስም ነው። በአራተኛው ትውልድ የቅድመ አያቱ ስም ከሰነዱ ይወጣል። ከክርስትና መስፋፋት ጋር የመጡ ስሞች ሲጨመሩበት ደግሞ አንድ ሰው በቤት በሸኪኖኖ ስሙ፣ በመዝገብ በሌላ ስም ሊታወቅ ይችላል። በዚህ ጊዜ ከሰነድ ወደ ሰነድ የሚሄደው የዘር ሐረግ ክር ይበጠሳል።

የቦታና የሕዝብ መጠሪያም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻል። ሕዝቡ ራሱን «ሸካቾ» ሲል የውጭ ሰዎች ለረጅም ጊዜ «ሞቻ» ብለው ጠርተውታል። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1959 ያሳተመው የዚህ ቋንቋ መዝገበ ቃላት በዚሁ በ«ሞቻ» ስም የወጣ ነው፤ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመንም አካባቢው በኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ሥር የሞቻ አውራጃ ይባል ነበር። «ሸካ» በሚለው ቃል ብቻ የቆየ ሰነድ የሚፈልግ ተማሪ ከሚያስፈልገው መረጃ ብዙውን ሳያገኝ ሊመለስ ይችላል።

ሕጉና መዝገቡ

የኢትዮጵያ ሕግም በዚህ ጥያቄ ውስጥ የራሱ ታሪክ አለው። በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ አርቃቂነት ተዘጋጅቶ በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 32 እያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም፣ አንድ ወይም ከአንድ በላይ የግል ስምና የአባት ስም እንዳለው ይደነግጋል። በአስተዳደር ጽሑፎችም የቤተ ዘመዱ ስም እንዲቀድም ያዝዛል። ቅደም ተከተሉ ከአገሩ ልማድ ይልቅ ለሀንጋሪው ይቀርባል። ልማዱ ግን አልተለወጠም። የክብር መዝገቦችን የሚመለከቱት ድንጋጌዎችም ወደፊት በሚወጣ ትእዛዝ እንዲጸኑ ተብለው ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በሥራ ላይ ሳይውሉ ቆዩ።

የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተደራጀው በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ሲሆን፣ ምዝገባው በተግባር የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። በሥራ ላይ የዋለው የሦስት ስሞች ሰንሰለት እንጂ የቤተ ዘመድ ስም አይደለም። ይህ ለአስተዳደር የሚመች ሥርዓት ነው፤ ለታሪክና ለማኅበረሰብ ተመራማሪ ግን ሁለት ውጤቶች አሉት። በአንድ በኩል የጎሳ ማንነት በመንግሥት ሰነድ ላይ አለመጻፉ የተገለሉ ወገኖችን ከመድልዎ ይጠብቃል፤ በከፋና በሸካ የማንጆ ማኅበረሰብ የደረሰበት የረጅም ጊዜ መገለል የዚህን ጥበቃ ዋጋ ያሳያል። በሌላ በኩል ተመራማሪው ሰነዱን ብቻ ይዞ የኮቦ ይዞታን ወይም የጋብቻ ትስስርን መከታተል አይችልም። የጎደለውን መረጃ በባለቤቶቹ ፈቃድ በቃለ መጠይቅ መሙላት ይኖርበታል፤ የሰበሰበውንም በምስጢር መያዝ ግዴታው ነው።

ለመስክ ሥራና ለጽሑፍ የሚሆኑ ነጥቦች

ከላይ ከተመለከተው ትንታኔ አምስት ተግባራዊ ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ የከፋ ነገሥታት ስም ምንጊዜም በሁለቱም ቃላት ይጻፍ፤ በማውጫ ውስጥም በመጀመሪያው ቃል ይመደብ። የኢትዮጵያውያንን ስም በግል ስም የሚመድበው «ኢንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካ» ለዚህ ጥሩ አርአያ ነው። ሁለተኛ፣ በውጭ ቋንቋ የሚጽፍ ተማሪ «ሸሮቾ»ን እንደ ቤተሰብ ስም ለይቶ ከመጥቀስ ይቆጠብ። ሦስተኛ፣ የዘር ሐረግ ሰንጠረዥ ሲሠራ «የአባት ስም» የሚለው ዓምድ በሁለተኛው ቃል ወዲያውኑ አይሞላ፤ አባትነት ራሱን በቻለ ማስረጃ ይረጋገጥ። አራተኛ፣ በጌጫም ሆነ በሌላው የሸካና የከፋ ቀበሌ የሚሰበሰብ የቃል መረጃ ለግል ስም፣ ለአባት ስም፣ ለክርስትና ወይም ለሌላ ተጨማሪ ስም እና ለጎሳ የተለያዩ ቦታዎች ይኑሩት። አምስተኛ፣ የጎሳ መረጃ በጥናቱ ማስታወሻ ተጠብቆ ይቆይ እንጂ ከመረጃ ሰጪው ማንነት ጋር ተያይዞ ለኅትመት አይውል።

መደምደሚያ

የነገሥታቱ ዝርዝር በጥሞና ሲታይ «ሸሮቾ» የአባት፣ የጎሳም ሆነ የቤተሰብ ስም ሆኖ አይገኝም። ከመጀመሪያው ቃል ጋር ተጣምሮ አንድን ንጉሥ ከሌሎች የሚለይ የንግሥና ስም አካል ነው። ባለ ስሞቹ ሻጊ፣ ካዬ፣ ጋሊና ጋኪ የተለያየ ዘመን ነገሥታት ናቸው። «የሸሮቾ ልጅ» የሚለው ንባብ ያልነበረ አባትን ወደ ታሪክ ያስገባል፤ «የሸሮቾ ቤተሰብ» የሚለውም የሚንጆን ሥርወ መንግሥት ይጋርዳል። ሽማግሌዎች በቃል ያቆዩትና ቀደምት ጸሐፊዎች በወረቀት ያሰፈሩት ዝርዝር ይህን ለማሳየት በቂ ነው። በሸካ ግን የጎሳዎች የዘር ሐረግ ገና በአብዛኛው በሽማግሌዎች ቃል ተይዞ ይገኛል፤ የሚመዘገበውም ስሞቹ የሚሠሩትን ሥራ አስቀድሞ በሚጠይቅ ተመራማሪ እጅ ሊሆን ይገባል።